የአንድ ገጽ ልጆች

ለልጅ ልጆቼ መጽሐፍ ልገዛ በገባሁ ቁጥር ሻጯ የምታወጣልኝ አንድ ዓይነት ነው። ንባብ ብርሃን ነው፣ ቃል ክንፍ ነው፣ ብዕር የያዘች ልጅ ያሰበችበት ትደርሳለች የሚል። ሽፋኑ ላይ አንዲት ፍልቅልቅ ልጅ መጽሐፍ አቅፋ ትስቃለች። ድንቄም! እኔ እንዲህ ያለውን ሳይ ጥርሴን አፋጫለሁ። ሻጯ ደግሞ ዋጋው የከበደኝ መስሏት ርካሹን ትፈልግልኛለች።

ያደግሁት አቃቂ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረና እዚያው ቀረ። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውላ ስትመጣ "ለፋሲካ ይመጣል" ትለናለች፤ ፋሲካ ሲያልፍ "ለመስቀል" ትላለች። እኔም ደብዳቤ እየጻፍኩ ወደዚያ ለሚወርዱት የባቡር ሰዎች እሰጥ ነበር። ሲመለሱ ዓይኔን አያዩኝም። አንድ ቀን ቦኖ ውኃ ልቀዳ ሄጄ ሴቶቹ ከኋላቸው መቆሜን ሳያዩ ሲያወሩ ሰማሁ። አባቴ እዚያ ሚስት አግብቷል፣ ሁለት ልጆችም ወልዷል። እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ከሰማች የምትሞት መስሎኝ ነበር፤ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

የትምህርት ቤታችን መጻሕፍት ቤት አንድ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ነበር። ኃላፊው ቁልፉን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ሲያልቅ "ንባብ የዕውቀት በር ነው" እያለ ፀሐይ ላይ ያቆመናል፤ የበሩ ቁልፍ ደግሞ ከወገቡ ላይ ይንቃጨላል! አንድም ልጅ አንድም ቀን መጽሐፍ ተውሶ አያውቅም። እንዳናቆሽሽ ነው አሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። ሰውየው መጽሐፍ የሚወድ ይመስለው ነበር፤ የሚወደው ንጹሕ ወረቀት ነው።

አንድ ሰሞን የአንድ መጽሐፍ አርባ ቅጂ በስጦታ መጣ፣ ቀጥሎም እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተባለ። የክፍላችን ልጆችም አርባ ነን። ልጆቹ ሲያነቡ ይታዩ ተባለና ሰውየው ተጨነቀ። ሁሉም ሁሉን ገጽ ከገለጠ ያልቅበታላ! አስቦ አስቦ አንድ መላ አመጣ። ለእያንዳንዳችን አንድ ገጽ መደበ። ገጻችንን ደብተራችን ላይ አጻፈን፣ በቃላችን አስጠናን፤ የእንግዶቹ ዕለት መጽሐፉን በዚያ ገጽ ብቻ እንድንከፍት፣ ወደ ሌላ እንዳንገልጥ አስጠነቀቀን። የእኔ አሥራ ሰባተኛው ነበር። ከማን ጋር እንደምታወራ የማናውቃት ልጅ "ቀለሙ ግን አለቀ" ብላ ታለቅሳለች፤ ይኸው ነው ገጼ። እንዲህም አድርጎ ማንበብ አለ?

ልጅ መቼም መላ አያጣም። ከትምህርት ስንወጣ የባቡሩ ሐዲድ ላይ በገጻችን ቁጥር ተራ እንቆማለን፣ አንድ እንጨት ላይ አንድ ልጅ። ከአንደኛው ጀምሮ እያንዳንዱ ገጹን በቃሉ ይላል። ባቡር ከመጣ ተበታትነን፣ ሲያልፍ ካቆምንበት እንቀጥላለን። መጽሐፉን ያነበብነው እንዲህ ነው። ታሪኩ አባቷ ሩቅ አገር ስለቀረባት ልጅ ነበር። ልጅቷ ቆንጆ ቆንጆ ቃል እየመረጠች ደብዳቤ ትጽፍለታለች። አስተማሪዋ "ትክክለኛውን ቃል ያገኘ ሰው የሄደውን ይመልሳል" ይሏታል። እኔም፣ አፈር ይብላኝና፣ አመንኩ። ቦኖው ጋ የሰማሁትን ሰምቼም አመንኩ። ገጽ አርባ ላይ በሩ ይንኳኳል፣ ልጅቷም ልትከፍት ትሮጣለች። ከዚያ በኋላ ልጅ የለም። አርባ አንደኛውን ገጽ የያዘ ሰው አልነበረም።

እንግዶቹ መጡ፣ እየዞሩ አዳመጡን፣ አጨበጨቡ፣ ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ሰውየው ከፊት ወንበር ጀምሮ መጽሐፉን ሲሰበስብ እኔ ከኋላ ተቀምጬ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። "ልጆች፣ በሩን ያንኳኳው አባቷ ነውን? ታሪኩን በራሳችሁ ቃል ጨርሱት" ይላል። ከሥሩ አምስት ባዶ መስመር። ይኸው ነው! አባት በቃል ይመለሳል ብሎ አርባ ገጽ ሙሉ ሲያባብለኝ የከረመ መጽሐፍ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ እኔኑ ይጠይቀኛል። ተናደድኩ። እርሳሴን አወጣሁና "አባቷ አይደለም። እዚያ ሌላ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። አይመጣም" ብዬ ጻፍኩ።

ሰውየው እላዬ ላይ ደረሰ። ጆሮዬን ጠመዘዘኝና በማግስቱ እናቴን ይዤ እንድመጣ አዘዘኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያስፈራኝ ዱላው አልነበረም፤ ጽሑፉን ያነብላት ይሆን ብዬ ነው።

እናቴ የፋብሪካ ሽርጧን እንደለበሰች ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። ሰውየው የጻፍኩትን እንዳጠፋ ላጲስ ሰጠኝና መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ገለጠው፤ እናቴ አረፍ እንኳ ሳትል ማውራት ጀመረ። የትምህርት ቤቱን ንብረት እንዳበላሸሁ፣ ያልተገራሁ ባለጌ እንደሆንኩ፣ በልጆች መጽሐፍ ላይ ነውር እንደጻፍኩ ዘረዘረላት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ምን እንደጻፍኩ እንዲያነብላት በትሕትና ለመነችው። እሱም መነጽሩን አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ሰንደቅ ዓላማው ንግግሩ ጮክ ብሎ ከአንደኛው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እናቴ ወደ እኔ አላየችም። ላጲሱን ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

"ጋሼ" አለችው፣ "ታዲያ ልጄ ምኑ ላይ ዋሸች?"