ወንድሜ በእርሳስ የጻፋቸው ደቂቃዎች

በቤታችን የማትሪክ የሒሳብ ወረቀት አይጣልም ነበር። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካሉት የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ይገዛል፣ በእርሳስ ይሠራል፣ ከዚያ መልሱ በላጲስ ጠፍቶ ለታናሽ ይተላለፋል። የታላቅ ወንድሜ ወረቀቶች ግን መልሳቸው ሳይጠፋ ደረሱኝ። መልሶቹን አክብቦ፣ በየገጹ ግርጌ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ጽፏል። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ሞተ። መርዶው የመጣው እኔ ለማትሪክ ስዘጋጅ ነው። ሒሳብ ከወደቅኩ ቀጣዩ ዙር እኔን እንደሚወስደኝ አውቅ ነበር።

ጽሑፉን ላጠፋው አልቻልኩም። እንዳለ፣ እላዩ ላይ ተለማመድኩ። ሁልጊዜ ከሰዓቱ በፊት ስለምጨርስ የጎበዝኩ መሰለኝ። አንድ ቀን ፒያሳ የሚኖር የክፍል ጓደኛዬ የምለማመድበትን አይቶ ያልተሠራ ወረቀት ሰጠኝ። ሰዓቱ ሲያልቅ ግማሹን እንኳ አልነካሁም።

«አንተ፣ እስከ ዛሬ ወንድምህ ነው እንዴ ሲሠራልህ የኖረው?» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን መሞቱን አስታውሶ ደነገጠ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት።

«አጥፋው ልጄ። ቢኖር ራሱ ያጠፋልህ ነበር» አለች።

እጄ እምቢ ሲለኝ ላጲሱን እሷ ተቀበለችኝ። ማንበብ አትችልም፤ ክቡን ሁሉ ቀስ እያለች አጠፋችው። ግርጌው ላይ ስትደርስ፣ «ደቂቃውን ተዪው፣ እማዬ» አልኳት።

ከዚያ በእነዚያ ደቂቃዎች ተለማመድኩ። እሱ አሥራ ሁለት በፈጀበት ገጽ እኔ ሃያ እፈጅ ነበር። ደከመኝ። አንድም ቀን አልደረስኩበትም፤ ሒሳቡን ግን አለፍኩ።

ታናሽ የለኝም። ቢሆንም የራሴን መልሶች አጥፍቼ ወረቀቶቹን አስቀመጥኳቸው።