ሳይታይ አይነካም

ልጅ እያለሁ የሰፈራችን ልጆች ጅብ ይፈሩ ነበር፤ መርፌ ይዘው ትምህርት ቤት የሚመጡትን ነርሶችም ይፈሩ ነበር። እኔ ጅቡንም መርፌውንም ቻልኳቸው። ያልቻልኩት ክላሰር በብብቱ ሸጉጦ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚመጣ ሰው ነው። ዛሬ ሃያውን አልፌ፣ የራሴን ደመወዝ እየበላሁ እንኳ እንዲህ ያለ ሰው መንገድ ላይ ሳይ አፌ ይመረኛል። ጥላቻው የመጣብኝ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በአንድ የሚያዝያ ቅዳሜ፣ ከነፋስ ጋር ነው።

ቤታችን አምቦ ውስጥ፣ ወደ ወንጪ ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር። አባቴ ጌታሁን የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆነ ካርታውም፣ ግብሩም፣ የውሃ ደረሰኙም በስሙ ተጠርዞ ተቀምጧል። በወረቀት ቤቱ የእሱ ነው። ግድግዳውን የመረገችው ግን እናቴ ወይንሸት ናት። እኔን አርግዛ፣ ጭቃ ረግጣ፣ ጭድ ለውሳ ሦስት ጊዜ ደራርባ መርጋዋለች፤ የመጨረሻውን ልስን በእበትና በቀይ አፈር፣ በገዛ መዳፏ አለስልሳ ጨረሰችው። ከጎን ሲያዩት የጣቶቿ መስመር ይታይ ነበር። አልጋዬ ጓዳ ውስጥ ከግድግዳው ጋር የተጠጋ ስለነበር ጣቶቼን በጣቶቿ መስመር ላይ እየጎተትኩ የእሷን ለማከል ስንት እንደቀረኝ እለካለሁ። ቀኑ ሞቅ ሲል ግድግዳው ደስ የሚል የጭድ ሽታ ያወጣ ነበር። እናቴ በዕድሜዋ «የኔ ነው» ስትል የሰማኋት ስለዚያ ግድግዳ ብቻ ነው።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወትን ሳለ ሰማዩ ከጉደር በኩል ጠቆረ። መጀመሪያ አቧራ መጣ፤ ቀጥሎ ባሕር ዛፎቹ ጎነበሱ፤ ከዚያ የሰው ቆርቆሮ በአናታችን ላይ ሲበር አየን። እናቴ በክንዴ ጎትታ አስገባችኝና ጠረጴዛ ሥር ከተተችኝ። ሚስማሮቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ እዚያ ሆኜ እሰማ ነበር። ከጓዳችን በላይ ያለው ስድስት ቆርቆሮ ሄደ፤ በረዶም ተከተለ። በረዶው አባርቶ ስንወጣ ግቢው ነጭ ሆኗል፤ የተቀጠቀጠው የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍንጫ ይሰነፍጣል። እኛ ልጆች ምን ገዶን፣ በጣሳ በረዶ እየዛቅን እንቆረጥም ጀመር። እናቴ አልተቆጣችንም። ጓዳ ገብታ፣ ወንበር ላይ ቆማ፣ የግድግዳውን አናት በእጇ ትዳስስ ነበር። የጭቃ ቤት ነፋሱን ይችለዋል፤ የሚጨርሰው ከነፋሱ በኋላ የሚመጣው ዝናብ ነው። አናቱ ከተገለጠ ውሃው ከላይ ገብቶ ቀስ እያለ ይበላዋል።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ጎረቤታችን ኦቦ ለሚ መሰላላቸውን አጥራችን ላይ አስደግፈው ጠበቁን። አናጢ ናቸው። ከቆርቆሮዎቻችን አንዱ እንሰታቸውን ለሁለት ገምሶት ስለነበር እሱን በራሳቸው ላይ ተሸክመው አምጥተዋል፤ የቀሩትን ጎረቤቶች ከየአጥሩና ከየቦዩ ለቃቅመዋል። እናቴ ሰንበት መሆኑን ብታነሳባቸው «ጣሪያ የሌለው ቤት ሰንበት የለውም» አሉና ወጡ። ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነበር። አንዱን ቆርቆሮ መትተው ሁለተኛውን ሲቀበሉ ባለክላሰሩ የቀበሌ ሰው ከተፍ አለ። እሑድ የማይሠራው መሥሪያ ቤት ያን እሑድ ሠራ፤ አትሥሩ ለማለት።

ሰውዬው ኮቱ ሰፍቶት፣ ጫማው ቅባት ጠጥቶ፣ ኩሬ ባጋጠመው ቁጥር እንደ ዶሮ አንድ እግሩን አንስቶ የሚያስብ ሰው ነበር። ሰላምታ አልሰጠም። ወደ ጣሪያው አንጋጦ «አቅጣጫ ተቀምጧል» አለ። «ጉዳት የደረሰባቸው ቤቶች በኮሚቴ ይታያሉ። ከታዩ በኋላ ቆርቆሮ ይሰጣል። ሳይታይ ማንም እንዳይነካ፤ የተነካ ቤት አልተጎዳም ተብሎ ነው የሚወሰደው።»

«መቼ ነው የሚታየው ጌታዬ?» አለ አባቴ።

«በቅርቡ።»

በቅርቡ ማለት በእኛ አገር ከነቀምቴ የሚርቅ ቦታ ነው። ይህን የማያውቅ የአምቦ ሰው የለም፤ ከአባቴ በቀር። አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ባለጉዳዮችን «ቅጹ ይሟላ» እያለ ሲመልስ የኖረ ሰው ስለሆነ ቅጽ የተሞላለት ነገር ሁሉ መጨረሻው ያምራል ብሎ ያምን ነበር። ሰውዬው ከመሄዱ ወደ መሰላሉ ሄደ።

«ኦቦ ለሚ፣ ይውረዱ። ያቺን የመቷትንም ይንቀሉልኝ።»

«ማሎ፣ ኦቦ ጌታሁን!» አሉ ኦቦ ለሚ፤ በኦሮምኛ ሲለምኑ ነገሩ ከልብ ነው። «ስድስት ቆርቆሮ እኮ ነው። ምሳ ሳይደርስ እጨርሰዋለሁ።»

«ሳይታይ አይነካም ተባለ እኮ።»

«ለዝናቡስ ተነግሮታል?»

እናቴ የአባቴን እጅ ይዛ ወደ ጎን ወሰደችውና «ጌታሁን፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ግድግዳው አይችልም» አለችው። እሱ ደግሞ የተለመደችውን አመጣት፤ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ።» እናቴ «ሰማዩማ ጓዳዬ ገብቷል» ብላ እጁን ለቀቀችው። ኦቦ ለሚ የመቱትን ነቅለው፣ ሚስማሩን ኪሳቸው ከተው፣ መሰላሉን ለእኛ ትተው ሄዱ። ጎረቤቶቹም እጃቸውን እያራገፉ ተበተኑ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ሰው አያምነኝም። አባቴ ሸራ ገዛ። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ላይ ይወጣና ሸራውን ያለብሳል። በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ይወጣና ይገፈዋል፤ ኮሚቴው ድንገት ቢመጣ ጉዳቱ በግልጽ እንዲታይ! መሰላሉን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሸራውን እንደ ፋይል አራት ማዕዘን አጥፎ አልጋ ሥር ያስቀምጣል፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ይሄዳል። የመንገዱ ዳር ባለሱቅ ደግሞ ነፋሱ ያልነካውን መጋዘን በራሱ እጅ ሁለት ቆርቆሮ ገንጥሎ፣ ወንበር አውጥቶ ኮሚቴ ይጠብቅ ነበር። አባቴ ያን ሰው ሌባ ይለዋል። ቢሆንም ሌባው ሁለት ቆርቆሮ ገንጥሎ በደረቅ ቤት ሲተኛ፣ ሐቀኛው አባቴ በየጠዋቱ ቤቱን ለሰማይ ይከፍት ነበር። በእኔ ሚዛን ከሁለቱ ማን እንደሚብስ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

በሁለተኛው ሐሙስ ከጠዋት ፈረቃ ተመልሼ ምሳ እየበላሁ ሳለ ዝናቡ ያለ ማስጠንቀቂያ ወረደ። አባቴ ቢሮ ነው፤ ሸራው አልጋ ሥር ነው። እናቴ ሸራውን ይዛ መሰላሉ ላይ ወጣች፤ እኔ ከሥር ያዝኩላት። ነፋሱ ሸራውን ገልብጦ ፊቷ ላይ አለበሳት፤ ሁለት ጊዜ ሞከረች፣ በሦስተኛው ሸራው ከእጇ አምልጦ አጥር ተሻገረ። ወርደን ሳንገባ ከጓዳ ድም የሚል ድምፅ ሰማን። የጥጉ ግድግዳ ከነማገሩ ወደ ውስጥ ተንዶ አልጋዬ ላይ ተኝቷል። የጣቶቿን መስመር ጭቃው ላይ ፈለግኩ፤ የጭድ ክምር ብቻ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ብዙ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ደብተሮቼን ከጭቃው ውስጥ ታወጣ ጀመር።

አባቴ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጃንጥላውን ይዞ መጣ። እናቴ ከጓዳ ሳትዞር «ና እይ እንጂ፤ ኮሚቴ ነህ» አለችው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ባለ ድምፅ ስታናግረው አልሰማሁም። አባቴ ጃንጥላውን ሳያጥፍ እዚያው ቆመ።

ኮሚቴው ቅዳሜ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ሦስት ሆነው መጡ፤ ሁለቱ ስልካቸውን ይነካካሉ፣ ባለክላሰሩ ይናገራል። ጫማው እንዳይቆሽሽ ጓዳ አልገባም፤ በወደቀው ግድግዳ ቀዳዳ አንገቱን አስገብቶ አየና አንገቱን አወጣ።

«ይሄ የነፋስ ጉዳት አይደለም» አለ። «ግድግዳ በዝናብ ነው የወደቀው። የኛ ቅጽ ደግሞ የነፋስ ነው።»

«ጣሪያው ግን በነፋስ ነው ጌታዬ» አለ አባቴ። «እርስዎ ራስዎ እሑድ ዕለት...»

«ቆርቆሮ ከመስጠት አንጻር፣ ቆርቆሮ የሚሰጠው ቆሞ ላለ ቤት ነው። ይሄ ቤት ሙሉ አቋም የለውም። ምን ላይ ነው የምትመቱት?»

እናቴ አባቴን አየችው። እኔም አየሁት። ኦቦ ለሚ ከአጥራቸው ማዶ ሆነው ያዩ ነበር። አንድ ቃል ጠበቅን። ባለክላሰሩ «አይመለከተውም» ብሎ ሊጽፍ ሲል እስክሪብቶው ቀለም ጨረሰ፤ ወረቀቱ ላይ ቢያሽከረክረው እምቢ አለው። አባቴ ከደረት ኪሱ የራሱን አውጥቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ በሁለት እጁ ሰጠው። «እሺ ጌታዬ» አለ። ሰውዬው ጻፈበት፤ እስክሪብቶውንም ይዞት ሄደ።

በዚያች ቅጽበት አባቴን ናቅኩት። ባለክላሰሩን መናቅ ቀላል ነው፤ ለመናቅ የተፈጠረ ሰው ነው። አባቴን መናቅ ግን ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ በሽታ ነበር፤ እንደ ጥፋተኛ ተደብቄ አለቀስኩ። እናቴ ለብዙ ዓመታት በቤታችን ስለ ቤቱ የሚነገር ነገር ሲኖር ለአባቴ ሳይሆን ለእኔ ትነግረኝ ነበር።

በማግስቱ ኦቦ ለሚና እነዚያው ጎረቤቶች ሳይጠሩ መጡ። ወንዶቹ አዲስ ቋሚ ተከሉ፣ ማገር መቱ፤ ሴቶቹ ውሃ ቀዱ፤ እኛ ልጆች ጭድ እየበተንን ጭቃ ላይ ዘለልን። አንዱ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ኦቦ ለሚ ከላይ ሆነው «ኮሚቴው ገባ!» እያሉ ያስቁን ነበር። አባቴ ብቻ ሱሪው እንደተተኮሰ ዳር ቆሞ ነበር፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። የሣቀበት የለም፤ ያ ደግሞ ከሣቅ ይብሳል። ማምሻውን ቤቱ ተከደነ። እናቴ ግድግዳውን እንደገና መረገች፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአካፋ ጀርባ ለጥጣ ተወችው። በመዳፏ አላለሰለሰችውም።

ዛሬ አምቦ ሌላ ናት። ሰፈራችን በብሎኬት ተሞልቷል፤ ጣሪያው ቀይና አረንጓዴ ነው፤ በረዶ ሲጥል ልጆች ጣሳ ይዘው አይሮጡም፣ በስልክ ይቀርጹታል። እኔ ጊንጪ ሥራ ይዤ በየሳምንቱ መጨረሻ እመጣለሁ። አባቴ ጡረታ ወጥቷል። ባለፈው ዓመት ነፋስ ከማድ ቤታችን ላይ ሁለት ቆርቆሮ ወሰደ። እሑድ ስደርስ አባቴ በስድሳ ምናምን ዓመቱ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ይመታል። ኦቦ ለሚ ጉልበታቸው ከድቷቸው ከሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዛሉ። መዶሻ አያያዙን ብታዩ ታዝናላችሁ።

በዚህ መሐል አንድ ወጣት ስልክ ይዞ ገባ። ክላሰሩ ቀርቷል፤ ሰውየው ግን ያው ነው። «ጋሼ፣ አንዴ ይቁዩማ፤ ጉዳቱን ፎቶ ላንሳው። ሳይነሳ ከተጠገነ ሲስተሙ አይቀበልም» አለ። አባቴ መምታቱን አቆመ። አሁን ይወርዳል ብዬ ጠበቅኩ። ሚስማሮቹን ከከንፈሩ አንድ በአንድ አወጣ።

«እኔን አትጠይቀኝ ልጄ» አለው። «ሚስቴን ጠይቃት። ቤቱ የእሷ ነው።»

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። አባቴን ቀና ብላ አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞራ «ሂድ የኔ ልጅ፣ እዚህ የሚታይ ነገር የለም» አለችና መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች።

አባቴ የመታው ቆርቆሮ ጠማማ ነው። ዝናብ ሲጥል በአንድ ጥጉ ጠብ ጠብ ይላል። ኦቦ ለሚ ልጃቸውን ልከው ሊያስተካክሉት ቢሉ እናቴ እምቢ አለች፤ ክረምቱን ሙሉ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን እያስቀመጠች፣ ሲሞላ እየደፋች ከረመች።