ዕረፍት የታዘዘለት ወገብ

«ወገብህ ምንም የለውም፤ ዕረፍት አድርግ» አለኝ ዛሬ አሶሳ ላይ ሐኪሙ፣ የራጅ ፊልሜን ወደ መስኮቱ አንስቶ እያየ።

ጉባ ግድቡ ላይ ስድስት ዓመት ጎንበስ ብዬ ፌሮ አስሬያለሁ። ሥራ ከተውኩ አራት ዓመት አለፈኝ። ከዚህ በላይ የሚታረፈው መቃብር ነው።

አብራው የነበረችው ወጣት ሐኪም ኮሪደር ድረስ ተከትላኝ ወጣች። «ሕመም ዓመታት ሲቆይ የአንጎል ክፍሎች የሚገናኙበት መንገድ ይለወጣል። ጋደም ብለው እንኳ አንጎልዎ ከሕመሙ ጋር እንደተያያዘ ይውላል። ራጅ ይህን አያሳይም።»

«እሱን ጻፊልኝ፤ ቤት ሰነፈ ነው የምባለው» አልኳት።

«ለእሱ ቅጽ የለንም ጋሼ።»

ቤት ስገባ ሐኪሙ የጻፈልኝን ወረቀት ለሚስቴ ሰጠኋት። «ዕረፍት» የሚለውን አንብባ «ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ምን ስታደርግ ነበር?» አለችኝ።

ሕመማችሁ ፊልም ላይ ያልታየላችሁ፣ እናንተንስ ማን አመናችሁ?