ለእንግዳ የረጋ ውሃ

ሥራዬ የውሃ ድፍርስነት የሚለኩ ሴንሰሮችን ልክ ማስያዝ ነው። ጂማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ካለው ቤቴ በጠዋት እወጣለሁ፤ ቀኔ የሚያልፈው በየቡናው መንደር፣ ምንጭ ዳር ተቀምጬ ጠርሙስ ስወለውል ነው። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል ይላሉ። ትዕግሥት ሲታደል እኔ የት እንደነበርኩ እንጃ፤ ቱግ ለማለት ማንም አይቀድመኝም።

ባለፈው ክረምት ከአጋሮ ወዲያ ያለ አንድ ምንጭ አበሳዬን አሳየኝ። ክዳኑ ተቆልፎ ውስጡ ጨለማ በሆነው ማጠራቀሚያ የተተከለው ሴንሰር ውሃው ክፉኛ ደፍርሷል ይላል። ከዚያው ተቀድቶ በጆግ የሚመጣልኝን ናሙና በእጅ መለኪያዬ ስለካው ደግሞ ኩልል ያለ ነው። ማንን ልመን? ሰው መቼም የሚያምነው ዓይኑን ነውና ሴንሰሩን ጠረጠርኩ። አውጥቼ መስተዋቱን በለስላሳ ጨርቅ ጠረግሁ። በተጣራ ውሃ ነክሬ ዜሮውን አስያዝኩት፤ ከዚያ ድፍርስነቱ አስቀድሞ በሚታወቅ ፈሳሽ ፈተንኩት። ልክ ነው። ወደ ምንጩ ስመልሰው ያንኑ ይላል። ሌላ ቀን ሄጄ ደገምኩት፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን እየተሳደብኩ ተመለስኩ።

ነገሩ የእኔ ንዴት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። መሥሪያ ቤታችን በዓመቱ የሚጠገኑትን ምንጮች እየመረጠ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ልኬቱ አይታመንም፣ ምንጩም ከዘንድሮው ጥገና ይወጣል አሉኝ። የዚያ መንደር ሕፃናት ዝናብ በገባ ቁጥር ተቅማጥ ያጣድፋቸዋል፤ ይህን እያወቅሁ ምንጩን ማስቀረት አንጀቴ እምቢ አለኝ። ለምኜ አንድ የመጨረሻ ጉዞ አስፈቀድኩ።

የማጠራቀሚያውን ቁልፍ የሚይዙት የውሃ ኮሚቴ አባል የሆኑ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ቤታቸው ከምንጩ ከፍ ብሎ፣ ቡናው ውስጥ ነው። እኔ አዮ እላቸዋለሁ፣ በኦሮምኛ እናትን እንደሚጠሩት፤ እሳቸው ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ከመሄዴ በፊት ሁልጊዜ በዋዜማው እደውልላቸዋለሁ። ስደርስ ቁልፉን ይሰጡኛል፤ ናሙና መቅዳቱ የኮሚቴው ድርሻ ስለሆነ፣ እኔ ሴንሰሩን አይቼ ዳገቱን ስመለስ ናሙናው በረንዳቸው ላይ ይጠብቀኛል። የዚያን ጊዜ ግን ኔትወርክ አልሠራ ብሎኝ ሳልደውል ሄድኩ።

ሲያዩኝ ደነገጡ። ሰላምታው፣ የቤተሰብ ጥየቃው፣ አልሐምዱሊላሁ እንደ ወትሮው ሆነ። ሴንሰሩን አይቼ ተመልሼ ውሃ ይቅዱልኝ ስላቸው ግን ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመሩ። ቁጭ በይ አሉኝ፣ በቆሎ እሸት ልጥበስልሽ አሉኝ፣ ውሃው ነገ ቢሆንስ አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የአፌን ሁሉ እናገረው ነበር። ለእሳቸው ግን እንደ ምንም ዋጥ አድርጌ፣ ምንጩ እዚሁ ሥር አይደል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ገና አልረጋማ" አሉኝ። "ላንቺ እኮ ሁሌም ማታውኑ ቀድቼ አሳድረዋለሁ። የማቀርብልሽ ላይ ላዩን ነው።"

በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ጂማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ቤት ለመጣ ሰው ድፍርስ ውሃ ማቅረብ ምን ያህል ነውር እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ለካስ ናሙና ብዬ የማስቸግራቸው ውሃ ለእሳቸው የእንግዳ ውሃ ኖሯል። ሊያከብሩኝ ብለው ምንጫቸውን ሊያስቀሩት ነበር። ቤተሰቡ የሚጠጣውንም እንዲህ አሳድረው ያጠሩት እንደሆን ስጠይቃቸው፣ ወላሂ፣ ለቤቱ ሰው፣ ለልጁ ሁሉ የሚበቃ እንስራ ከየት ይመጣል፣ እንደተቀዳ ነው እንጂ የምንጠጣው አሉኝ።

ቀስ ብዬ፣ በአማርኛውም በኦሮምኛውም አስረዳኋቸው። ለእኔ ጥሩውን ውሃ ሲሰጡኝ፣ መጥፎውን የሚጠግን ሰው እንደማይመጣ ነገርኳቸው። ከዚያ ጆጉን አንስተው ራሳቸው ወደ ምንጩ ወረዱ።

ሲመለሱ ጆጉን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነውት ነበር። ሲገልጡት ውሃው ቀይ አፈር ይመስላል። ለካሁት፤ ሴንሰሩ ካለው ጋር ገጠመ። ተመስገን ብዬ አጨበጨብኩ። አዮ አልሳቁም።

"ውሃችን በመቆሸሹ እንዲህ ደስ አለሽ?" አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። አሁን እኮ ይጠገንላችኋል፣ ማንም አያስቀረውም ብዬ ተንተባተብኩ። ኢንሻአላህ አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ። ዕቃዬን ሰብስቤ ጆጉን አጥቤ ልመልስላቸው ብድግ አልኩ፤ የተረፈውን ልደፋ ዘንበል ሳደርገው እጄን ያዙኝ።

"አትድፊው" አሉኝ። "የልጆቹ ነው።"