በአንድ እጅ የተቦካው ዳቦ

እልል በሉልኝ፣ ተሳካ! አላረረም፣ ጥሬ አልሆነም፣ ከመጋገሪያው ተርፎ የምድጃው ወለል ላይ አልፈሰሰም። ክብ፣ ጠይም፣ መሃሉ ጉብ ያለ፣ ሁለት መዳፍ የሚሞላ ዳቦ ተጋገረ! "ለአንድ ዳቦ ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው?" የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው እህቴን አያውቃትም። የምሥራቹ የእሷ ነው፤ የታላቄ፣ የእትዬ።

እትዬ በሙያዋ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ የሚያውቃት ግን በዳቦዋ ነው። አራት ልጆች አሳድጋለች። ባሏ ቆርቆሮ እየቆረጠና እያጠፈ አሸንዳ ይሠራል፤ ሲያወራም ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ስለሚመስል እኔ "መዶሻው" እለዋለሁ። የእሱ ሠራተኞችም ምሳቸውን የሚበሉት እዚያው ስለነበር ያ ቤት የሚበላ አፍ ጎድሎት አያውቅም። እትዬ ትልቁን ሳፋ መሬት ላይ ታስቀምጥና ውሃውን በዓይኗ ለክታ ታንቆረቁራለች። ዱቄት ትጨምራለች። ሲጠጥርባት ውሃ፣ ሲቀጥንባት ዱቄት፣ ሁለቱም ክንዶቿ እስከ ክርናቸው ሊጥ እስኪለብሱ ድረስ። "መቼ እንደሚበቃ በምን ታውቂያለሽ?" ስላት "እጄ ይነግረኛል" ትለኝ ነበር። መብሰሉን ደግሞ የሚነግራት ሽታው ነው። ሽታው የግቢው በር ሲደርስ፣ ውጭ ከሚጫወቱት አንዱ "እማዬ፣ ደረሰ!" ብሎ ይጮሃል፤ እሷም ታወጣዋለች።

ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። ዘንድሮ የመጨረሻዋ ሥራ አግኝታ ሌላ ከተማ ሄደች። እኛም መርቀን፣ አቅፈን፣ ሻንጣዋን አውቶቡስ ላይ ጭነን ሸኘናት። በማግስቱ እትዬ እንደ ወትሮዋ ያንን የሚያህል ዳቦ ጋገረች። እሷና ባሏ ከዳሩ ቆረስ አደረጉት እንጂ ምንም አላጎደሉትም። የተረፈውን ለጎረቤት አደለች። ሰዉ መጀመሪያ መረቃት። ቀጥሎ "እጅሽ ይባረክ እትዬ፣ የትናንቱንም ገና አልጨረስነውም" አላት። ከዚያማ ገና ስትመጣ የመስኮት መጋረጃ መዘጋት ጀመረ።

"በዚህ ሰፈር ከቆጣሪ አንባቢው ቀጥሎ የሚፈራው የኔ ሚስት ናት" አለ መዶሻው።

እትዬም ስቃ "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ እሽኮኮ" አለች። መጠኑን ለመቀነስ ግን አልቻለችም። ውሃው ትንሽ ይበዛል፣ ዱቄት ትጨምራለች፤ ዱቄቱ ይበዛል፣ ውሃ ትጨምራለች፤ ቀና ስትል ያው የጥንቱ ተራራ ሳፋው ውስጥ ተኮፍሷል። "በኩባያ ለኪው" ብላት "እኔ ፋርማሲ ነኝ?" አለችኝ። ቢሆንም ሞከረችው። ለክታ ካስገባች በኋላ ሁለት እጆቿ ሊጡ ውስጥ ሲገቡ "ይሄማ ለማን ይበቃል?" እያሉ ያስጨምሯታል። "ቆርሰሽ ትንሹን ብቻ ጋግሪ" ስላት ደግሞ "የቀረውን ምን ላደርገው ነው? ሊጥ ይጣላል እንዴ?" አለችኝ።

አንድ ቀን ሳፋውን አጥባ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ ያስፈራኝ። የሱቅ ዳቦ ከነላስቲኩ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የራበው እየገባ፣ እንደቆመ ቆርሶ ይወጣል። ገበታው ላይ የደንበኞች ጨርቅ ተከመረበት። "ለሁለት ሰው ምን ገበታ ይቀርባል?" ትላለች። ቀስ በቀስ ቆማ መብላቱንም ተወችው። አልነገረችኝም፤ ያወቅኩት በቀሚሷ ነው። ልብስ ሰፊ አይደለች፣ ሲሰፋት ራሷ አጠበበችው፤ እኔ ያየሁት አዲሱን ስፌት ነው። እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ መርምራ መርምራ "እናቴ፣ በሽታ አላገኘሁብሽም። ቁጭ ብለሽ ብዪ" አለቻት። ቀላል ትእዛዝ! በዚያ ቤት ግን ቁጭ ብሎ መብላት ማለት ባዶዎቹን ወንበሮች ማየት ነበር።

መዶሻው ነገር አያውቅም የምለው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሥራው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ከአዲስ ቆርቆሮ የሠራት ሚጢጢ የዳቦ መጋገሪያ ናት። እጅ እንዳትቆርጥ ከንፈሯን ዙሪያውን አጥፎታል።

"ምንድን ነው ይሄ? የአሻንጉሊት ነው?" አለች እትዬ።

"የእኔና ያንቺ ነው።"

"ልጆቼ ተመልሰው አይመጡም ማለትህ ነው?"

"ሲመጡ ትልቁ አለ፤ ማን ወሰደብሽ? እኔ የምልሽ፣ ዛሬ ማን ይብላ?"

መጋገሪያዋን መደርደሪያ ላይ ጣል አድርጋ መኝታ ቤት ገባች። እሱ በሩ ድረስ ሸኘኝና "እስከ ዛሬ የሠራሁት አሸንዳ አፈሰሰ ተብዬ አላውቅም። ይቺ ሚጢጢ ግን እንባ አስፈሰሰች" አለኝ። ቀልዱን ነው፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ሐሳቧን ያስለወጣት ያው እሱ ነው፣ ሳያውቀው። ጀርባውን ሰጥቷት፣ መደርደሪያው ሥር ቆሞ ደረቅ ዳቦ ሲያላምጥ አየችው። "እንደ መንገደኛ!" አለችኝ ስትነግረኝ። "በገዛ ቤቱ እንደ መንገደኛ!" ሳፋውን አወረደች። የመጀመሪያው ሙከራ ያው በትልቁ ሳፋ፣ በሁለት እጅ ነበር። ሊጡ በሚጢጢዋ ዳር እንደ ኮፍያ ተንጠልጥሎ ምድጃው ላይ ተንጠባጠበ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ። መስኮት ስንከፍት ጎረቤት ከወዲያ "እትዬ፣ ዳቦው ነው ወይስ ቤቱ የሚቃጠለው?" ብላ ጮኸች። በሁለተኛው ሙከራ ሽታው የግቢው በር እስኪደርስ ጠበቀች፤ ትንሽ ዳቦ ሽታው መቼ በር ይደርሳል? የወጣው ከሰል ነው። እኔ በዚህ ትተወዋለች ብዬ ፈራሁ።

ዛሬ ብደርስ፣ እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የሰላጣ ጎድጓዳ ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በቀኝ እጇ ብቻ ታቦካለች። ግራ እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋዋለች።

"ምነው እትዬ፣ እጅሽን ምን ነካብኝ?"

"ምንም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገቡ ልጆቼን በሙሉ ይጠራሉ። ይቺ ብቻዋን ስትሆን ለቤት የሚበቃውን ታውቃለች።"

"ደግሞ ይሄን ማን አስተማረሽ?"

"ማን ያስተምረኛል? ረሳሽው እንዴ፣ የመጀመሪያዬን ስወልድ በግራ እጄ እሷን አቅፌ በቀኜ አልነበረም የማቦካው? ያኔስ በላተኞቹ ስንት ነበርን? እኔና እሱ። እጄ ያውቀው ነበር እኮ፤ እኔ ነኝ የረሳሁት።"

እኛ ኩባያና ምክር ስንቆልልባት፣ መላው ለካ ክንዷ ውስጥ ተቀምጦ ነበር! የኔ እህት!

ሊጡ ኩፍ አለ፣ ሚጢጢዋን እስከ ከንፈሯ ብቻ ሞላት። ሽታው በር እንደማይደርስ አሁን ስለገባት ወንበሯን ምድጃው አጠገብ አስጠጋች። ዳቦ ምድጃ ውስጥ ከቶ ቁጭ ማለት ለእሷ አዲስ ነገር ነው፤ ድሮ በዚያ መሃል ልብስ አጥባ፣ አንዱን ገርፋ፣ ሌላውን አጉርሳ ትመጣ ነበር። መዶሻውም በርጩማ ጎትቶ ጎኗ ተቀመጠ።

"ደረሰ?"

"ዝም በል፣ እያዳመጥኩ ነው።"

"ዳቦ ያወራል?"

"ካንተ ያነሰ።"

አወጣችው፣ ገለበጠችው፣ ታችኛውን በጣቷ ቆረቆረችው። ኳ ኳ አለ። ገበታው ላይ የተከመረውን ጨርቅ እሱ አንስቶ አልጋ ላይ ከመረው። እሷ የገበታ ልብስ ዘረጋች፣ ሁለት ሳህን አስቀመጠች፣ ተቀመጠች። አዎን፣ ተቀመጠች! ትኩሱን ለሁለት ቆረሰችው። ከዚያ ቀና ስትል እኔን አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ውይ! አንቺን አላሰብንሽም!"

በዕድሜዋ ሙሉ እንግዳ ሳታጎርስ ያልሸኘች ሴት፣ ለእኔ የሚተርፍ ቁራሽ አልነበራትም። እንደዛሬ ተረስቼ አላውቅም፤ በመረሳቴም እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መዶሻው ከድርሻው ሊቆርስልኝ ሲል እጁን መታሁት። "ብላ! አንተም፣ እሷም!" ሁለቱም በሉ። እትዬ አኘከች፣ ዋጠች፣ የመጨረሻውን ቅርፊት ጨርሳ ወንበሯ ላይ ደገፍ አለች።

"ስትመጪ ቀድመሽ ንገሪኝ" አለችኝ፣ "ግራ እጄንም እጠራታለሁ።"

እየሳቅኩ ወጥቼ ቤቴ እስክደርስ መታገሥ ስላቃተኝ ነው ይህን መንገድ ላይ ቆሜ የጻፍኩት። አሁን ደግሞ ፀጉር ሠሪዬ ሳትዘጋ ደርሼ ለእሷም ልንገራት። እትዬን አይታት አታውቅም፤ ምን ቸገረኝ፣ ፀጉሬን ስትጠቀልል አምልጣኝ የት ትሄዳለች? ሄድኩ!