በእማ ፋጡማ ላይ ያወጅኩት ሱባኤ

ባላባታችን ግራዝማች ተሰማ ከመሬቴ ነቅሎኛል። አባቴ ያረሰውን፣ እኔ ድንጋዩን የለቀምኩትን ማሳ በ1964 ዓ.ም. ቀምቶ ለእህቱ ልጅ ሰጠው። ይህን በእኛ አገር የማያውቅ የለም፤ እኔው ራሴ በየጠላ ቤቱ ሳወራው ኖሬያለሁ። እኔ ያደረግኩትን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ በየዓመቱ ፊቱ ተንበርክኬ የሰደብኩትን ሰውና የሻርኩትን ጾም እየዘረዘርኩ ይህን አንዱን ስዘለው ነው የኖርኩት። የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፣ ዘሐራ። እሷም ባለፈው ክረምት ሞተች። እንግዲህ ነገሩ እኔ ዘንድ ብቻ ቀረ። ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ ነውና ጽሑፌ ቢጎረብጣችሁ ቻሉት።

ከመካነ ሰላም በበቅሎ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ አንድ አምባ አለ። እኛ «ከተማው» እንለዋለን። ሰው አይኖርበትም። ድሮ ንጉሥ ከትሞበት ስለነበር ስሙ ብቻ ቀርቶለት ነው። የፈረሰ ግንብ አለው፤ በር የነበሩ ሁለት ምሰሶዎች፣ ከአለት የተፈለፈለ የውሃ ጉድጓድ፣ ንጉሡ ይፈርድበት ነበር የሚባል ጠፍጣፋ ድንጋይ። መሐሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ደወሉ ድንጋይ ነው፣ ሲመቱት እንደ ብረት ይጮሃል። እንግዳ ሲመጣ ይህን ሁሉ የማሳየው እኔ ነበርኩ። በቅሎ እጭናለሁ፣ እመራለሁ፣ ከአባቴ የሰማሁትን እናገራለሁ። የጎደለውን ከራሴ እሞላለሁ። በፍርዱ ድንጋይ ላይ ያቆረ የዝናብ ውሃ አሳይቼ «ይህ የንጉሡ ዕንባ ነው፤ አይደርቅም» ያልኩበት ጊዜ አለ። እንግዳው ጣቱን ነክሮ ግንባሩን ቀባ። ለውሸት የሠለጠንኩት እዚያ ነው።

ዓመቱ 1965 ነበር፣ ወቅቱ ሁዳዴ። ዝናቡ ከቀረ ቆይቷል። ከብቱ አልቋል፣ ዘሩ ተበልቷል። ሰው እግሩ ወደ መራው ይሄዳል። እማ ፋጡማና ልጇ ዘሐራ የእኔው ጎረቤቶች ነበሩ። እማ ፋጡማ በልጅነቴ አንገቴ ላይ የወጣውን እባጭ በቅቤ አሽታ ያፈረጠችልኝ ሴት ናት። ጠባሳው አሁንም አለ፣ ስላጭ ምላጩ ያገኘዋል። እህላቸው ሲያልቅ እናትና ልጅ ተደጋግፈው ወደ ከተማው ወጡ። እስላም ናቸው፤ ግን በዚያ ዓመት እስላሙም ክርስቲያኑም ምጽዋት ወደሚገኝበት ነው የሄደው። ከምሥራቁ ግንብ ሥር፣ ጥላ ካለበት፣ ከሌላው ሰው ጋር ተኙ።

ግራዝማች አስጠራኝ። እጅ ነስቼ ቆምኩ።

«ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ» አለኝ። «ትልቅ ሹም ናቸው፤ ባለቤታቸውና ፎቶ አንሺም አሉ። ጥንታዊ ነገር ማየት፣ ያገር ቤት ምግብ መቅመስ አምሯቸዋል። በምሥራቅ በኩል ሰው ተኝቷል፣ በዚያ እንዳትወስዳቸው። ነገሩ ካማረልኝ ማሳህን እመልስልሃለሁ።»

«እሺ ጌታዬ» አልኩ። እነዚህን ሁለት ቃላት ስናገር ትንሽ እንኳን አላሰብኩም። ማሳዬን ብቻ ነው ያየሁት።

እንግዶቹን በምዕራቡ በር አስገባኋቸው። ምሰሶዎቹን አሳየሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ጠጠር አስጥዬ ድምፁን አሰማሁ። ሹሙ ፍርዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፎቶ ተነሣ፤ «እንግዲህ በማን ላይ ልፍረድ?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የድንጋዩን ደወል መትቶ እንደ ልጅ ተደሰተ። ግራዝማች ከኋላ ሆኖ በዓይኑ ያመሰግነኛል። ሁሉም አምሮ ነበር።

ከዚያ የሹሙ ሚስት ቤተ ክርስቲያኑን ልሳለም ብላ ሄደች። ደግ ሴት ነበረች፣ እግዜር ይይላት አልልም። በአንድ በኩል ተሳልማ በሌላው በኩል ዞረች። ሮጬ ስደርስ ምሥራቁ ግንብ ሥር ቆማለች።

«ወንድሜ፣ እነዚህ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ።

አሁን በደንብ ስሙኝ። ግራዝማች በዚያ በኩል አትውሰዳቸው ነው ያለኝ። ምን በል አላለኝም። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው፣ የእኔ ብቻ።

«ሱባኤ የያዙ ናቸው እመቤቴ» አልኩ።

ሁዳዴ ነው፤ በሁዳዴ ሱባኤ የሚይዝ በየደብሩ አለ። ከዚያ ራቅ ብሎ አንድ ሁለት እውነተኛ መነኩሲቶችም ተቀምጠው ነበር። የከሳ፣ የጠቆረ፣ ግንብ ተደግፎ ከንፈሩ የሚንቀሳቀስ ሰው በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሴትዮዋ እማ ፋጡማን አየቻት። እማ ፋጡማ በእጇ ሙስበሃዋን ይዛለች።

«መቁጠሪያዋን እዩልኝ! በዚህ ዕድሜዋ!» አለች ሴትዮዋ፣ ዓይኗ ዕንባ ሞልቶ። የእስላም ሙስበሃ ከመነኩሴ መቁጠሪያ አልለየላትም። እኔ አውቃለሁ፤ ግን አላረምኳትም። ውሸቴን የረዳኝ የእማ ፋጡማ ጸሎት ነው።

ሴትዮዋ ከቅርጫቷ ፉርኖ ዳቦ አወጣች፤ ከአዲስ አበባ ያመጡት ነጭ ዳቦ። ጎንበስ ብላ በእማ ፋጡማ መዳፍ ላይ አኖረችው። የእማ ፋጡማ ጣቶች መታጠፍ ጀመሩ። በዝግታ ነው የሚታጠፉት። ዞር አልኩ። ሌሎቹ ዳቦውን አይተው መነሣት ጀምረዋል። ከተነሡ ይጮሃሉ፣ ከጮሁ ሹሙ ይመጣል፣ ሹሙ ከመጣ ማሳዬ ቀረ።

ዳቦውን ከእማ ፋጡማ እጅ ላይ አነሣሁት።

አነሣሁት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልገፋኝም። ለሴትዮዋ መለስኩላትና «ሱባኤዋን እንዳያፈርሱባት እመቤቴ፣ ኃጢአት ነው» አልኩ። ሴትዮዋ ደነገጠች። እማ ፋጡማን ይቅርታ ጠየቀቻት። የተራበችውን ሴት፣ ዳቦ ስለሰጠቻት ይቅርታ ጠየቀቻት!

ዘሐራ ከእናቷ አጠገብ ነበረች። «ይመር» አለች። ስሜን ብቻ።

«ምን አለችህ?» አለች ሴትዮዋ።

«ጸልይልኝ ነው የምትለው» አልኩ።

ግራዝማች ከበሩ አጠገብ ድንኳን አስተክሎ ነበር። የሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ ተልባ፣ የሽምብራ ዓሣ፣ የገብስ ጠላ። እንግዶቹ እያንዳንዱን ስሙን እየጠየቁ ቀመሱ። ሴትዮዋ ያየችውን ለባሏ ነገረችው። ሹሙ እጁን እየታጠበ «በሉ እንግዲህ፣ አዲስ አበባ የሚወራው ይኸው ነው» አለ። «ጾመኛ አይተው ረሃብተኛ አሉ።» ግራዝማች «ኧረ ጌታዬ፣ ያገራችን ሰው ጾም ይወዳል» አለ። እኔም ከተረፈው በላሁ። ጣፈጠኝ። ይህንንም ልደብቃችሁ?

እማ ፋጡማ በዚያው ሳምንት ሞተች። ካህኑና ሼሁ ተመካክረው ከቅጥሩ ውጭ ቀበሯት። አብረዋት ከተኙትም ገሚሱ ሞተ፣ የቀረው ተበትኖ አልተመለሰም። አንድ ፉርኖ ያድናት ነበር ወይ? አላውቅም። ብዙ ጊዜ «አያድናትም ነበር» እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ። ዳቦው ግን በእጇ ላይ ነበር። ባያድናት እንኳ በአፏ ይዛው ትሞት አልነበረም?

ግራዝማች ቃሉን ጠበቀ፣ ማሳዬን መለሰልኝ። አረስኩት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አብዮቱ መጣና መሬት ላራሹ ታወጀ፤ መሬት ለሁሉም በነጻ ታደለ። እማ ፋጡማን የሸጥኩበት ማሳ ሳልሸጣት ሊመጣልኝ ነበር። ሳቅ ቢያምራችሁ ሳቁ።

የአብዮቱ ሰዎች ግራዝማችን ይዘው ወደ ደሴ ከመውሰዳቸው በፊት ሕዝብ ተሰብስቦ ተወነጀለ። እኔ ተነሣሁ። «ረሃቡን የደበቀ ይህ ሰው ነው! ሕዝብ ሲያልቅ ሹም ያበላ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። ተጨበጨበልኝ። ዘሐራ ከሴቶቹ መሐል ሆና «ሱባኤውስ ይመር?» አለች። ነገሩ ያልገባው ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ «እስላሟ ስለ ሱባኤ ምን አገባት!» አለ። እኔ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባገኘችኝ ቁጥር «ነፍስ አባቴ፣ እንዴት ነህ?» ትለኛለች። ሰው ቀልድ ይመስለዋል።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ እኔም እሷም አንድ ዳስ ውስጥ ገባን። ከከተማ የመጣች ልጅ ነበረች የምታስተምረን። አንድ ቀን «በዳቦ ዓረፍተ ነገር ሥሩ» አለችን። ዘሐራ ከእኔ በፊት ፊደል ለይታለች፤ ተነሥታ ጠመኔውን ያዘችና ሰሌዳው ላይ ጻፈች። እኔ ፊደል በፊደል ተከተልኩት። በሕይወቴ ያለ ሰው እርዳታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበብኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦

ይመር ዳቦ ወሰደ።

«ጎበዝ!» አለች አስተማሪዋ። ዳሱ ሳቀ። «ይመር፣ የማንን ነው የወሰድከው?» አለኝ አጠገቤ ያለው። እኔ ወጥቼ ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩ በእሷና በእኔ ዓይን ውስጥ ብቻ ነበር። አሁን ተጽፎ አየሁት። ምነው ማንበብ ባልተማርኩ ስል ተመኘሁ።

በማግስቱ ሲነጋ ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ ደጇ ቆምኩ፤ ባገራችን የበደለ ሰው እንዲህ ነው ይቅርታ የሚለምነው። «አፉ በይኝ ዘሐራ» አልኩ።

ወጥታ አየችኝ። «ድንጋዩን እዚያ አውርደው፤ ለአጥሬ ይሆነኛል» አለች።

አወረድኩት።

«አፉ የምትልህ እኔ ነኝ? ዳቦው የእኔ ነበር?»

«እሷማ የለችም።»

«አብሽር፣ ቦታዋ አለ። ጾም ላይ ናችሁ አይደል? ሂድና እናቴ የተኛችበት ተቀመጥ። እኔ እስክመጣ እህል እንዳትቀምስ።»

«መቼ ትመጫለሽ?»

«እናቴም ይህን አልጠየቀችም» አለችና ገባች።

ሄድኩ። ለሚስቴ ሱባኤ ልይዝ ነው አልኳት፤ ያም ውሸት መሆኑን እያወቅኩ። ምሥራቁ ግንብ ሥር ተቀመጥኩ። ጉድጓዱ ቅርብ ስለሆነ ውሃ እጠጣ ነበር። ቀኑ ሲያልፍ፣ ሌላው ሲመጣ፣ ዳቦ የሚለው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሐሳብ አላስገባ አለኝ። ሊሳለም የመጣ ሰው ሁሉ ያየኛል። «ይመርን አያችሁት? እንዴት ያለ ጾመኛ ሆኗል!» ይላሉ። አንዲት አሮጊት ጉልበቴን ሳመችኝ። «ኧረ እኔ አይደለሁም» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ ልጨርሰው? ለሌላ ያበጀሁት ውሸት በልኬ የተሰፋ ሆኖ ለበስኩት።

ዘሐራ መጣች። መቼ እንደመጣች አልቆጠርኩም፤ ጥላዋ ሲያርፍብኝ ነው የነቃሁት። ከነጠላዋ ሥር ፉርኖ አወጣች፣ መካነ ሰላም ድረስ ሄዳ የገዛችውን። እጄን ዘረጋሁ። መዳፌ ላይ አኖረችው። ጣቶቼ ሊታጠፉ ፈለጉ፣ እኔ ግን ከለከልኳቸው፤ እጇን እያየሁ ጠበቅኩ። ትወስደዋለች ብዬ ነው የጠበቅኩት። ብትወስደው ትክክል ነበር። ቆመችብኝ። እጇ አንድ ጊዜ ወደ መዳፌ መጣ። ከዚያ ተመለሰ፣ ነጠላዋን አጣፋችና በምዕራቡ በር በኩል ወረደች።

በላሁት። ደርቆ ነበር፣ ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ፣ በላሁት።

አፉ አላለችኝም። እስከ ሞተች ድረስ አላለችኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ነፍስ አባቴ ብላ ጠርታኝም አታውቅም፤ ይመር ትለኝ ነበር፣ እንደ ሰው። እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ዳቦው የእናንተም አልነበረምና። ዘመኑ ነው አልልም፣ ግራዝማች ነው አልልም። ዳቦውን ከእማ ፋጡማ እጅ ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ዘሐራ ከእኔ እጅ ላይ አላነሣችውም። ነገሩ በሁለታችን መካከል ያለቀው እንደዚያ ነው፣ መጋቢት 6 ቀን 1972 ዓ.ም.።