የአማከለች ጠርዝ

አማከለች ስትናደድ አትጮህም። ዝም ነው የምትለው፤ ዝምታዋ ደግሞ ከጩኸት ይብሳል። ላፍቶ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው ግቢ ውስጥ እሷ ዝም ካለች ተከራዮቹ ሁሉ ድምፃቸውን ቀንሰው ያወራሉ። ዘንድሮ ዝም ያለችበት ቀን በዛ። ምክንያቱ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ባሏ በፍቃዱ።

በፍቃዱ ሸማኔ ነው። ጎበዝ ሸማኔ፤ ይህን ጠላቱም አይክድም። ዕድሜውን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ሲሸምን ኖሯል። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈትልለት ኖራለች። ጥጡን አባዝታ፣ ፈትላ፣ ማጉን በትንሿ ሸምበቆ፣ በቀሰሙ ላይ ጠቅልላ ታቀብለዋለች። ሸማው ሲወርድ ሰው ሁሉ «የበፍቃዱ እጅ» ይላል። «የአማከለች ፈትል» ያለ ሰው ገና አልተወለደም። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ በነሱ ወገን ሕጉ ይኸው ነው። ማን እንዳወጣው ብትጠይቅ የሚነግራት አላገኘችም።

ከዚያ የስኳር በሽታ እግሩን አደነዘዘውና መርገጫው እምቢ አለው። ልጃቸው ቤተልሄም ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ልብስ ትሰፋለች፤ አንድ የተዘጋ ማሠልጠኛ ዕቃውን ሲሸጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የእንጨት መሸመኛ ገዝታለት መጣች። እግር አይፈልግም። መሃሉ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ጣውላ አለ፤ ጣውላውን በእጅ ከፍ ሲያደርጉት ድሩ በአንድ በኩል ይከፈታል፣ ዝቅ ሲያደርጉት በሌላ በኩል። በፍቃዱ አየት አደረገና፣ «ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ እሱ ጤና ጣቢያ ሲሄድ አማከለች ተቀመጠችበት።

አንድ ቀለም ብቻ ቢሆን ማንም ይለምደዋል። ሰውን የሚያሳብደው ሁለት ቀለም ነው። ጥቁሩ ሲሠራ ነጩ ዳር ላይ ያርፋል፣ ነጩ ሲሠራ ጥቁሩ ያርፋል። ያረፈውን ክር የሚሠራው ክር አቅፎት ካልተመለሰ፣ ጠርዙ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀለበት ተንጠልጥሎ ይቀራል። እንዳይንጠለጠል ብለው ጠበቅ ካደረጉት ደግሞ ጨርቁ ወገብ ያወጣል። አማከለች ስንቱን ጀምራ ስንቱን ተረተረችው። በመጨረሻ ሁለቱን መወርወሪያዎች አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ፣ ሁልጊዜ በተራቸው ማስቀመጥ ለመደች። ክሩንም በጣውላው ከመምታቷ በፊት ሰያፍ አድርጋ ላላ ማድረግ ለመደች። ጠርዟ በቢላ የተቆረጠ መሰለ።

የሠራቻቸውን ሻርፖች ለቡ መብራት ኃይል ያለ ባለሱቅ ወሰዳቸው፤ ወዲያውም ሌላ ጠየቀ። «በፍቃዱ እግሩ ቢደክም እጁ አልደከመም» ይል ጀመር። በፍቃዱ ይህን ሰምቶ ምን አለ? «ምን ይደረግ፣ ሙያ ደም ውስጥ ነው» አለ። አማከለች ከበሩ ኋላ ሆና ሰማች። ቆሽቷ አረረ። የቤትን ገመና አደባባይ ማውጣት ነውር ነው ብላ ግን ዋጠችው። እሱም ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠረው።

የቤተልሄም ጋብቻ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሙሽራው ሮበሌ የአቶ ቱሉ ልጅ ነው፤ የአቶ ቱሉ አባቶች ላፍቶ የእርሻ መሬት በነበረችበት ጊዜ እዚያው ያረሱ ናቸው። የሙሽራውን አባት አቶ ቱሉን በመልሱ ቀን ጋቢ ሊያለብሷቸው ተወሰነ። አማከለች፣ «እኔ እሠራዋለሁ፤ ለልጄ አማት ነው፤ የእኔ ሥራ መሆኑም ይነገራል» አለች። በፍቃዱ ራሱን ነቀነቀ። እሷ እሺ ማለቱ መሰላት።

ጋቢው ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው ነው። መሸመኛው ጠባብ ስለሆነ በሁለት ቁራጭ ይሸመንና መሃል ላይ በስፌት ይገጠማል፤ ስለዚህ የአንዱ መስመር ከሌላው መስመር ጋር ፊት ለፊት መገናኘት አለበት። የመጀመሪያውን ቁራጭ ልቧ ሞልቶ፣ እያንጎራጎረች ጨረሰችው። ሁለተኛውን ጀምራ ሳለ ግን በፍቃዱ ግቢው ውስጥ ሆኖ በስልክ ሲያወራ ሰማችው። «አዎ አቶ ቱሉ፣ በገዛ እጄ ነው የምሸምንልዎት» ይላል።

እጇ ያን ጊዜ ከበዳት። ክሩን ስትስብ ጠበቀ፣ ስትመታ ኃይሏ በዛ። ራሷ አላወቀችውም። ሁለተኛውን ቁራጭ በንዴት ጨረሰችና አጥፋ ሳጥን ውስጥ ወረወረችው።

አቶ ቱሉ የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ከሽማግሌዎች ጋር መጡ። ምሳ ተበላ፣ ተጨዋወቱ። «እስቲ ጋቢዬን አሳየኝ» አሉ እየሳቁ። በፍቃዱ ደረቱን ነፍቶ ሁለቱን ቁራጮች አወጣና ጎን ለጎን ዘረጋቸው። አንዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሌላው ወገቡ ገብቷል። ጥቁሮቹ መስመሮችም ሳይገጣጠሙ፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ሄደዋል።

«እጅህም ደከመ እንዴ በፍቃዱ?» አሉ አቶ ቱሉ፣ እንደ ቀልድ።

በፍቃዱ ቁራጮቹን ከእጁ ለቀቀ። ቀና ብሎ አማከለችን አያት፤ ትሪ ይዛ ቆማለች። «እኔ አይደለሁም» አለ። «እሷ ናት የሸመነችው። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ አይደል የሚባለው? መሸመኛው ላይ ተቀመጠችና ይኸው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አማከለች ትሪውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ወጣች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ተከትሏት ወጣ። «ምን አጠፋሁ? እውነቱን ነው የተናገርኩት» አላት።

«ሲያምር ያንተ፣ ሲጣመም የእኔ?»

«ሸማኔው በሚስቱ ያሸምናል ብለው ይሳቁብኝ? አሁን ይልቅ እንደገና ሥሪው። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት እላለሁ፤ ነገሩ ያልቃል።»

አማከለች ወደ ቤት ተመለሰች። የተጣመመውን ቁራጭ አልጣለችውም፤ በፍቃዱ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አነጠፈችው። በየቀኑ ይቀመጥበታል። እሷ አዲስ ድር አዘጋጅታ ከመሸመኛው ፊት ተቀመጠች። ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲያውም ብሶበታል። ግን እጇ ላይ እንዳይደርስ ከለከለችው። ክሩን ሳብ ልታደርግ ሲቃጣት ታቆማለች፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ክሩን ታላላና ትመታለች። እንዲህ በተናደደችበት ቀን እንዲህ ያለ ጠርዝ ሠርታ አታውቅም።

በመልሱ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ ጋቢው ለአቶ ቱሉ ቀረበ። አለበሷቸው። እሳቸው የጋቢውን መሃል በጣታቸው ዳሰሱ፤ ስፌቱን ፈለጉ፣ አጡት። መስመሩ ሳይሰበር ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል።

«በል እንግዲህ» አሉ ወደ በፍቃዱ ዞረው። «ይሄስ የማን እጅ ነው?»

በፍቃዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አማከለች ግን ቀደመችው። ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፣ ድምጿንም አላነሳችም።

«የዚያችው ያበላሸችው ሴት ነው» አለች። «ባለፈው እሱ ራሱ ነግሯችኋል።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያን ቀን እዚያው ነበሩ። ሁሉም በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ሁሉም ስቀዋል። አቶ ቱሉ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሱ፤ እሷ ወዳለችበት ሄደው እጅ ነሱ። «ገለቶሚ፣ ወይዘሮ አማከለች» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኗት። «እጅሽን ይባርከው።» የሳቀ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አማከለች መሸመኛው ፊት ስትቀመጥ በፍቃዱን ወንበሩ ላይ፣ በዚያ በተጣመመው ቁራጭ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጉልበቱ ላይ ልቃቂት ይዟል። ሳይጠየቅ ማግ እየጠቀለለ ነው፤ በነሱ ቤት ያን ሥራ ወንድ ሠርቶት አያውቅም። ሲጨርስ ቀሰሙን፣ ዓይኗን ሳያይ አቀበላት።

በአውራ ጣቷ ጫን ብላ አየችው። ላልቷል።

ክሩን በሙሉ ፈታ መለሰችለት። «እንደገና» አለችው።